የግንብ ጭቃ፤ ምርጫውና ስሌቱ

ለመነሻ ያህል አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ስለ ሲሚንቶና ስለ አሸዋ ያስተማረኝ የትምህርት ክፍል የለም፤ የኢንጂነሪንግ ወዳጆቼም ይኸን አርእስት ሲያዩ «ደግሞ እሱን ምን አገባው» እንደሚሉ ከወዲሁ ይታወቀኛል። ያገባኝ በገንዘብ ነው፤ ያውም በራሴ ሳይሆን በአክስቴ ገንዘብ። በእኔ የስሌት ስሕተት የአክስቴ አጥር አናቱ ሳይከደን ክረምት ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከግንበኞች ጠይቄ፣ ከመጻሕፍትም አንብቤ ያገኘሁትን በዚች ጽሑፍ አቀርባለሁ። ከመካከላችን ነገ ወደየአገሩ ሲገባ፣ ለወላጆቹ ግድግዳ ቢሆን፣ ለቀበሌው ትምህርት ቤት ቢሆን፣ «አንተ የተማርኸው፣ እስቲ ይኸ ሥራ ስንት ይፈጃል?» ተብሎ የማይጠየቅ አይገኝምና።

ፍላቂት በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ጋሸና ላይ ይታጠፋል፤ ሳይታጠፍ ወደ ምዕራብ የቀጠለ ፍላቂትን ያገኛታል። አክስቴ በዚያ ከትንሽ ንግድ ጋር ጓሮ አላት፤ ጎመንዋንም ድንቿንም የሰው ከብት እየገባ ስለ ፈጀባት የድንጋይ አጥር ለማሠራት ዕቁብ ጠብቃ ገንዘብ አወጣች። ድንጋይ በአገሩ ሞልቷል። ሲሚንቶ ግን ከሩቅ በመኪና የሚመጣ፣ በየእጁ ሲያልፍ ዋጋው የሚጨምር ዕቃ ነው። ስለዚህ የነገሩ ሁሉ ፍሬ «ስንት ኩንታል?» የሚለው ጥያቄ ሆነ። ሥራውን የያዙትን ሽማግሌ ግንበኛ ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ስንት ኩንታል ይበቃናል?»

«እሱማ እንደ ጭቃው ነው ልጄ። ምን ዓይነት ጭቃ ነው የምታሠሩኝ?»

እኔ ይኸን መልስ እንደ ማምለጫ ቈጠርሁት። ዋጋ የማይቈርጥ ሰው አነጋገር መሰለኝ። ወረቀትና እርሳስ አወጣሁና ራሴ ማስላት ጀመርሁ። አንባቢ እንዲከታተለኝ ስሌቱን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፤ ስሕተቱንም ጭምር።

የአጥሩ ርዝመት 12 ሜትር፣ ከመሬት በላይ ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.5 ሜትር ነበር። ሦስቱ ሲባዙ 9 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። መሠረቱ 0.6 ሜትር ወርድና 0.5 ሜትር ጥልቀት ይዞ በዚያው በ12 ሜትር ሲሄድ 3.6 ሜትር ኩብ ነው። ድምሩ 12.6 ሜትር ኩብ ግንብ። ከዚህ ውስጥ ድንጋዩ ስንት፣ ጭቃው ስንት ነው? በደንብ ባልተጠረበ ድንጋይ ሲገነባ ከጠቅላላው ይዘት ከ30 እስከ 40 ከመቶ የሚሆነው ጭቃ ነው። ድንጋዩ ተጠርቦ ፊት ለፊት ሲገጥም ከዚህ ይወርዳል፤ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ይወጣል። መካከለኛውን፣ 35 ከመቶን ወሰድሁ። 12.6 በ0.35 ሲባዛ 4.41 ሜትር ኩብ ጭቃ መጣ።

እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው። ጭቃውን «አንድ ለአራት» ለማድረግ ቈረጥሁ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አራት እጅ አሸዋ ማለት ነው። ለምን አንድ ለአራት? ከአንድ ሰው ስለ ሰማሁ ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አንድና አራት አምስት ስለሆነ 4.41ን ለ5 አካፈልሁና 0.88 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ አገኘሁ። አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ወደ 1,440 ኪሎ ስለሚመዝን ይኸ 1,270 ኪሎ ነው፤ 12.7 ኩንታል። «ተርፎም ይተርፋል» ብዬ 13 ኩንታል፣ ማለት ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 26 አስገዛሁ። ሽማግሌው ወረቀቱን አዩት፤ ምንም አልተናገሩም።

ግንቡ ከአምስት አራት እጅ ግድም ሲደርስ ሲሚንቶው አለቀ። ከላይ ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁመት፣ ክዳኑም ጭምር ቀረ። ሰኔ ገብቷል። የቀረችውን ጥቂት ከረጢት ለብቻዋ ለማስመጣት የተጠየቀው የጭነት ዋጋ አክስቴ ከቆጠበችው በላይ ሆነ። አናቱ ላይ ላስቲክ አለበስነው፤ ላስቲኩን የመቄት ነፋስ ወሰደው። ዝናቡ በክፍቱ አናት እየገባ ገና ያልጠናውን ጭቃ ከየመጋጠሚያው አጠበው፤ አክስቴም ክረምቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ቆየች። ቁጣዋን እመርጥ ነበር።

ስሕተቱ ምን ላይ ነው? በቤታችን የምናውቀው ነገር ይነግረናል። አንድ ጣሳ ባቄላና አንድ ጣሳ ጤፍ ቢደባለቁ ሁለት ጣሳ አይሞሉም። ጤፉ በባቄላው መካከል ባለው ክፍተት ይሰርጋል። ሲሚንቶም በአሸዋው መካከል እንዲሁ ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ የተቦካ ጭቃ ለማግኘት በደረቁ ወደ 1.3 ሜትር ኩብ ሲሚንቶና አሸዋ መያዝ ያስፈልጋል። የእኔን ስሌት በዚህ ብናርመው፣ 4.41 በ1.3 ተባዝቶ 5.73 ይሆናል፤ ለ5 ሲካፈል 1.15፤ በኪሎ 1,650። በማቡካትና በመሸከም የሚባክነውን 5 ከመቶ ስንጨምርበት ከ17 ኩንታል በላይ ያስፈልግ ነበር። እኔ የገዛሁት 13 ነው።

አንባቢ በቃሉ ሊይዛቸው የሚገቡ ጥቂት ቁጥሮች ከዚሁ ይወጣሉ። ለአንድ ሜትር ኩብ የተቦካ ጭቃ፣ አንድ ለሦስት ከሆነ ወደ 470 ኪሎ ሲሚንቶ፣ አንድ ለአራት ከሆነ 375፣ አንድ ለአምስት ከሆነ 310፣ አንድ ለስድስት ከሆነ 270 ኪሎ ግድም ይፈጃል። አሸዋው በሁሉም ከ1 ሜትር ኩብ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

እዚህ ላይ ሽማግሌው የጠየቁኝ ጥያቄ ትርጉሙ የገባኝ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ነው። የጓሮ አጥር የሚሸከመው ጣራ የለም፤ ከኋላው የሚገፋው አፈርም የለም። የሚሸከመው የራሱን ክብደት ነው። መሠረቱ በእርጥብ መሬት ውስጥ ስለሚቀመጥ አንድ ለአራት ይገባዋል እንበል፤ ከመሬት በላይ ያለው ግን በአንድ ለስድስት በደኅና ይቆማል። እንዲህ ቢሠራ መሠረቱ 470 ኪሎ፣ ላዩ 840 ኪሎ ያህል፣ ባንድነት 13 ኩንታል፣ ከብክነቱ ጋር 14 ኩንታል በወሰደ ነበር። በተሳሳተ ስሌት የገዛሁት ሲሚንቶ ትክክለኛ ጭቃ መርጬ ቢሆን ኖሮ አንድ ኩንታል ብቻ በጎደለው ነበር። ምርጫውንና ስሌቱን ሁለት ጥያቄ አድርጌ መያዜ ነው ዋናው ጥፋት። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አድርገውልኝ ነበር።

ታዲያ ብዙ ሰው «ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ግንቡ ይጠነክራል» ብሎ ያምናል፤ አንድ ለስድስትንም እንደ ንፍገት ያየዋል። ይኸ እምነት ገንዘብ ከማባከን አልፎ ግንብ የሚያፈርስበት ጊዜ አለ። ማስረጃው እዚያው ከአጥሩ አጠገብ፣ በአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር።

ቤቱ አሮጌ ነው፤ በድንጋይና በአፈር ጭቃ የተሠራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛ መጥቶ «ይኸ ጭቃ አርጅቷል» ብሎ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ከውጭ በወፍራም የሲሚንቶ ጭቃ፣ ምናልባት በአንድ ለሁለት፣ ሞላው። ሲያልቅ እጅግ ያምር ነበር ይባላል። ከሁለት ክረምት በኋላ የግድግዳው እግር መርጠብ ጀመረ፤ ለስላሳው ድንጋይ ፊቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ፤ ሲሚንቶው ግን ድንጋዩ ከጎኑ ሲያልቅ እንደ መረብ ፈጦ ቀረ። ሽማግሌው አንዱን የሲሚንቶ ቅርፊት በመሮ ቢነቅሉት ከኋላው ያለው አፈር እንደ ገና የተቦካ ያህል ረጥቦ ነበር።

የዚህ ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ግድግዳ ሁሉ ውሃ ይጠጣል፤ ከመሬት በታች ይስባል፣ ከላይ ዝናብ ይቀበላል። የጠጣውን መልሶ ማውጣት አለበት። በአፈር ወይም በኖራ ጭቃ የተሠራ ግድግዳ በመጋጠሚያው በኩል ይተነፍሳል፤ እርጥበቱ በዚያ ይወጣል፤ የሚያልቅ ነገር ካለም የሚያልቀው ጭቃው ነው፤ ጭቃን ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ቀላል ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው መውጫ አጥቶ በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል፤ ድንጋዩ ለስላሳ ከሆነ ይፈረፍራል። ከዚህም ሌላ ሲሚንቶ ግትር ነው። በአፈር የተሠራ ግድግዳ በየወቅቱ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቅና በስንጥቁ ዝናብ ያስገባል፤ የገባውን ግን አያስወጣም። ስለዚህ ጭቃ ከሚያያይዘው ድንጋይ የለሰለሰ መሆን አለበት የሚለው የግንበኞች ሕግ ተገቢ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ማለት ባሳልት፣ የሲሚንቶ ጭቃ አይጎዳውም። ቀዩና ነጣ ያለው ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ይጎዳል። አብዛኛው የመቄትና የላስታ ደጋ የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆነ ሁለቱም ዓይነት በቅርብ ይገኛሉ፤ ገዥውም ሠራተኛውም የትኛው እንደ ተጫነለት ማየት አለበት።

ይኸ ጉዳይ የአክስቴ ቤት ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይኸን ያህል ባልጻፍሁ። ከፍላቂት የአንድ ቀን መንገድ ሳይሞላ ላሊበላ አለ። አብያተ ክርስቲያናቱ ከዐለቱ ተፈልፍለው የወጡ ናቸውና ሲፈጠሩ ጭቃ የሚባል ነገር አልነካቸውም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ናቸው። ሕመማቸው ግን እንደ አክስቴ ግድግዳ ያው ውሃ ነው። በ20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ዝናብ እንዳያሰርጉ ተብሎ ቤተ አማኑኤልን የመሰሉት ሬንጅ መሰል ነገር ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገ። ሬንጁ ውሃውን ከማስቀረት ይልቅ በውስጥ አሠረው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ አርኪቴክት የመራው ቡድን መጥቶ ያን ሽፋን እየፋቀ አነሣ። ውሃው ግን ዛሬም ጥያቄ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎች የቆሙት ለዚሁ ነው።

ጎንደር ደግሞ የኖራ አገር ነው። በአገራችን ኖራን ለግንብ ጭቃ ማቃጠል በሰፊው የተጀመረው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) እንደ ሆነ የጊዜው የኢየሱሳውያን ጽሑፎች ይመሰክራሉ፤ በዐፄ ፋሲልና ከእሳቸው በኋላ በነገሡት ዘመን የተሠሩት የጎንደር ግንቦች በኖራ ጭቃ የተያያዙ ናቸው። እንቁላል ተጨምሮበታል የሚለው ወሬ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነው፤ ስንት ሺህ ዶሮ እንደሚያስፈልግ ግን የሚያሰላ ሰው አላየሁም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠገኑ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያ ጥገና በአብዛኛው ተነቅሎ በቀድሞው ዓይነት በኖራ ጭቃ ተተካ። አስቡት፤ አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት ነው። የአክስቴ ግድግዳም ይኸው ዕዳ ይጠብቀዋል።

አንድ የቋንቋ ነገር እዚህ ላይ ላንሣ፤ የሙያዬ ስለሆነ ይፈቀድልኝ። በሥራ ቦታ ያለው አማርኛችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ ባሬላ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ኖራ ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ ከዓረብኛው «ኑራ» ጋር ይዛመዳል። ቃሉም ነገሩም ከሲሚንቶ ቀድሞ ከእኛ ጋር ነበረ። ዛሬ ብዙዎቻችን ኖራን የምናውቀው ለግድግዳ ቀለም ብቻ ነው።

ኖራ የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ግድም ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። ሲወጣ ውሃ ይጠማዋል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይፈነዳል፣ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ያልበረደ ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ በባዶ እጅ የሚነካ ተማሪ እንዳይኖር። የበረደው ኖራ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በግንብ ላይ ሲውል ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ቀስ በቀስ ማለት ሳምንታትና ወራት ነው፤ የችኩል ሰው ዕቃ አይደለም። ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምእት ዓመት ለተቈፈረ አሸዋ አንድ ለሦስት፣ ለወንዝ አሸዋ አንድ ለሁለት ብሎ ያዘዘው ምጥን ዛሬም አላረጀም። ሮማውያን በኔፕልስ አጠገብ ከፖትሱኦሊ የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ሲጨምሩበት ኖራው በውሃ ውስጥ ሳይቀር እንደሚጠና አወቁ። ዛሬ በገበያ «ፒፒሲ» የሚባለው ሲሚንቶ መካከለኛው ፊደል ፖዞላና፣ የዚያችው ከተማ ስም ነው። እኛ አገር በውስጡ የሚገባው በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ፈሳማ ድንጋይ ነው። ፒፒሲ ከ«ኦፒሲው» ይልቅ ዘግይቶ ይጠነክራል፤ ለግንብና ለልስን ግን ይበቃል፤ ኦፒሲውን ለምሰሶና ለወለል ኮንክሪት መተው ነው። አጥር በኦፒሲ የሚያሠራ ሰው በሠርግ ልብሱ እንደሚያርስ ነው።

ላስታና መቄት የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆኑ የኖራ ድንጋይ እንደ ዓባይ በረሃ፣ እንደ ሙገር፣ እንደ መቀሌና እንደ ድሬዳዋ አካባቢ አይገኝባቸውም። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች በእነዚያ ሥፍራዎች የተተከሉትም ስለዚሁ ነው። ስለዚህ ፍላቂት ላይ ኖራም እንደ ሲሚንቶ ተጭኖ ይመጣል። ያለ ጭነት የሚገኘው የአፈር ጭቃ ብቻ ነው፤ ስለ እሱ ደግሞ በንቀት መናገር የተማረ ሰው ልማድ ሆኗል። አባቶቻችን በላሊበላ ክብ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤት የሠሩት በአፈር ጭቃ ነው። በዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ብልኃት ያያል፤ ግድግዳው ተራ በተራ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ ነው። ከአክሱም ዘመን የወረደ አሠራር ነው። ጭቃው ደካማ መሆኑን ያውቁ ነበርና ግድግዳውን በእንጨት ቀበቶ አሠሩት። የአፈር ጭቃ የሚጠይቀው ሰፊ የጣራ ክፈፍና ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ነው፤ ራሱና እግሩ ከደረቁ ይኖራል። አፈሩ ሸክላነቱ ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋነቱ ከበዛ ይበተናል። ረጠብ አድርጎ በመዳፍ እንደ ጣት ማድቦልቦል ነው፤ ሳይሰበር ጥቂት ቢታጠፍ ደኅና ነው። ጭድ ተጨምሮበት ጥቂት ቀን ሲከርም ይበልጥ ይያያዛል።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሲሚንቶንና ኖራን አብሮ ማቡካት ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ አሸዋ ለመካከለኛ ድንጋይ ይስማማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ የሚለው ምጥን ደግሞ ለለስላሳው። ጭቃው ከማንኪያው ላይ እንደ ቅቤ ስለሚሄድ ግንበኞች ይወዱታል።

ምጥን በወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ በሥራው ቦታ የሚበላሽባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው መስፈሪያው ነው። በአካፋ የሚቈጥር ሠራተኛ ጠዋት አካፋውን ይሞላል፣ ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ወደ 35 ሊትር ይይዛልና ውስጡ 40 በ35 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከጣውላ ማስመታት ነው፤ አንድ ሳጥን አንድ ከረጢት ማለት ይሆናል። ከዚያ በኋላ «አንድ ከረጢት፣ ስድስት ሳጥን» ብሎ ማዘዝ ነው፤ ክርክር የለም።

ሁለተኛው አሸዋው ነው። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ ከደረቁ በአምስተኛ እጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ብዙ መስሎ ይታያል። በጭነት መኪና ልክ አሸዋ የሚገዛ ሰው ከዝናብ ማግሥት ከገዛ ውሃና አየር ነው የገዛው። ደግሞም ከየወንዙ የሚመጣው አሸዋ አፈር የተቀላቀለበት ነው። ግልጽ ጠርሙስ ወስዶ እስከ ግማሹ አሸዋ መጨመር፣ በውሃ መሙላት፣ ቆንጥሮ ጨው ጨምሮ በኃይል መናጥና ለጥቂት ሰዓታት ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከሥር ይቀመጣል፤ ደቃቁ አፈር ከላዩ በንብርብር ይታያል። ደቃቁ በአገራችን ሥራ ከተለመደው ከ6 ከመቶ ወሰን ካለፈ አሸዋው ይታጠብ፣ ወይም ይመለስ። ይኸን የዘለለ ሰው ሲሚንቶ ቢያበዛም አይረዳውም።

ሦስተኛው ውሃና ጊዜ ነው። የሲሚንቶ ጭቃ ከተቦካ በኋላ በአንድ ሰዓት፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከምሳ በፊት የተቦካውን ከምሳ በኋላ በውሃ እያላሉ መሥራት ሬሳ ማንቃት ነው። ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ይርጠብ፤ አለበለዚያ የጭቃውን ውሃ ይጠጣዋል። ካለቀም በኋላ ግንቡ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣ። በደጋው ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል፣ ሲሚንቶም በብርድ ስለማይጠና፣ ማታ ማታ በጆንያና በጭድ መሸፈን ያስፈልጋል።

የአጥሩን ነገር ልጨርስ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የታጠበው ተጠርጎ፣ የቀረው ቁመት በአንድ ለስድስት፣ ክዳኑ በአንድ ለሦስት ተሠራ። ከኪሴ የተረፈኝን አዋጥቻለሁ፤ አክስቴ ሳትቈጥር ተቀበለችኝ።

አሁን ተራው የቤቱ ግድግዳ ነው። ከሽማግሌው ጋር ሆነን ለካነው። ሲሚንቶ የተደፈነበት የግድግዳው እግር 18 ካሬ ሜትር ነው። ከፊቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ መጋጠሚያ ቢሆን፣ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢነቀል፣ የሚሞላው ወደ 0.24 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ1.3 ሲባዛ 0.31፤ አንድ ለሦስት የኖራ ጭቃ ቢሆን ከአራት አንድ እጁ፣ 78 ሊትር ኖራ ነው። የኖራ ዱቄት አንዱ ሊትር ግማሽ ኪሎ ጥቂት ቢያልፍ ነውና ከ40 እስከ 45 ኪሎ ይበቃል። ይኸን ጊዜ ወረቀቱን ለሽማግሌው አሳየሁና «አያ፣ ትክክል ነው?» አልኋቸው።

«50 አድርገው» አሉኝ፤ «ሲነቀል አብሮ የሚወድቅ ድንጋይ አለ።»

50 ኪሎ ኖራ ከወልድያ በጥቅምት ይመጣል። ዝናቡ ካቆመና ውርጩ ሳይጥል፣ በዚያች መካከል ነው የሚሠራው።